ለጠዋት ነፋስ የሚሆን ሸራ

ጥቅምት 6

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ ገብቷል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ አደራህን ደረትህን ሸፍን፣ አንተ ልጅ ስትባል አትሰማም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ያንተ ነገር ሲነሳ ፊቷ ይፈካል። የቤቱ ስልክ ስለተበላሸ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ፣ እንዳትደነግጥ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሳትስቅ አንብብልኝ። ትልቅ ሸራ እፈልጋለሁ። የውድድር ሸራ፣ አስራ አንድ ካሬ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ የምውል፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሐይቁ ላይ በሸራ የሚነዳ ሰሌዳዬ ላይ የምቆም ሴትዮ በውድድር ሸራ ምን ልትሠራ ነው እንደምትል አውቃለሁ። ጭልፊትን ታስታውሰው የለ? ያ የጉምሩኩ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ቤት የሠራው። አንተ እዚህ እያለህ ሰሌዳ ላይ መቆም ያቃተው፣ ስሙንም አንተ ለማሾፍ ያወጣህለት። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ፣ እኔ አሮጌ ሸራዬን ይዤ እንደተሰጣ ልብስ ቆሜያለሁ። እሱ የቤት ግድግዳ የሚያህል ነገር ይዞ መጣ። ሰሌዳው ከውሃው ላይ ብድግ ብሎ፣ ፉጨት እያሰማ፣ አጠገቤ አለፈ። ጭራሽ እጁን አውለበለበልኝ። ደሜ ፈላ። ስመለስ ጠየቅኩት፤ የውድድር ነው አለኝ፣ አስራ አንድ ካሬ፣ በዚህ ውሃ ላይ በጠዋት የሚሄድ እሱ ብቻ ነው አለኝ።

አንተ እዚያ ሰው አገር ሸራ ትሰፋለህ። ለሙከራ ተሰፍቶ የቀረ፣ ያምናው ሞዴል፣ ጠርዙ የተበላሸ፣ የሆነ ነገር አይጠፋም። እኔ ለመልኩ ግድ የለኝም። ብቻ በጠዋት ነፋስ የሚሄድ ይሁን።

ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ። እማዬ ትስምሃለች።

እህትህ


ጥቅምት 27

ለውዷ እህቴ፣

ሰላምታዬ አንቺም እማዬም ያላችሁበት ድረስ ይድረስ። ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ ምንም አልሆንኩም። ደረቴንም ሸፍኛለሁ፣ አትቆጪ።

ደብዳቤሽን ጉድጓዴ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ፤ እኛ የምንሰፋው ወለሉ ተቆፍሮ ማሽኑና ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነው። ወለሉ ደረቴ ላይ ይደርሳል፣ ሸራው በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መርፌው ይመጣል። የሥራ ባልደረቦቼን በጫማቸው ነው የማውቃቸው። አለቃዬ ቡናማ ጫማ ነው። ቡናማው ጫማ አጠገቤ እስኪቆም ድረስ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ጭልፊት እጁን አውለበለበልሽ? ጉድ ነው።

አሁን ግን እንደ ሙያተኛ ልንገርሽ። የውድድር ሸራ ለቅዳሜ ሰው አይሆንም። ምሰሶውን ከውስጥ የሚነክሱ የፕላስቲክ መንጋጋዎች አሉት፤ ቅርጹን የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ የሚያከብዱትም እነሱ ናቸው። ሲወድቅ ውሃ ይጠጣል፣ ጎትቶ ማንሳት ወገብ ይቆርጣል። ለመወጠር ጊዜም ጉልበትም ይፈልጋል። ከስሩ ደግሞ ሰፊ ሰሌዳ ካልሆነ አይሸከመውም። ጭልፊት በሬ የሚያህል ሰው ነው፤ አንቺ ባስራ አንድ ካሬ ስር ብትገቢ ፈልጎ የሚያገኝሽ የለም። መንጋጋ የሌለው ስምንት ካሬ ይበቃሻል፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይወጠራል፣ ሲወድቅም ይነሳል።

ለማንኛውም እነዚህን መልሺልኝ። ስንት ኪሎ ነሽ? (እውነቱን።) ሰሌዳሽ ወርዱ ስንት ነው? ስትወጥሪ ማን ያግዝሻል? ደግሞስ ለምን ጠዋት? የዚያን ሐይቅ ነፋስ አልረሳሁትም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ብትወጪ ባለሽ አሮጌ ሸራ ትበሪያለሽ እኮ። ሰዓቱን መቀየር ሸራ ከመቀየር ይቀላል።

ስልኩ ሲሠራ ደውይልኝ። የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ አለን።

መልሴ ዘገየ። ጀምሬ ቀደድኩት፣ ደግሞ ጀምሬ ቀደድኩት። ጥያቄህ የሸራ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ ይወጣል።

ኪሎዬ ሃምሳ ስምንት። ድሮ ስልሳ ስድስት ነበርኩ። የሰሌዳዬ ወርድ ሰባ ሳንቲም አይሞላም፤ ጭልፊት አሮጌ ሰፊ ሰሌዳውን እሰጥሻለሁ ብሏል። የሚያግዘኝ የጀልባ ቤቱ ዘበኛ ነው፣ አንድ ትከሻው አይታዘዝለትም።

ለምን ጠዋት ላልከው። ስልኩ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ነቅዬ ያወጣሁት። እማዬ ስልክ ሲጮኽ ድሮ መስመር ስታገናኝበት የነበረው ስልክ ቤት ያለች እየመሰላት መጣች። አንስታ ‹‹ማንን ላገናኝ?›› ትላለች፣ ከዚያ ትዘጋለች፣ ደግሞ ታነሳለች፤ ማንም ባይደውልም መስመር ስታገናኝ ትውላለች፣ ሌሊቱንም ትቀጥላለች፣ ከወንበሩ አትነሳም። ባለፈው ዓመት አንተ ስትደውል ተቋረጠ ያልኩህ ሁሉ እሷ ዘግታብህ ነው። ስልኩ ሲወጣ ደግሞ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ስልክ ቤቱ መሄድ ጀመረች። ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ፣ ሕንፃው ራሱ ፈርሷል። አንድ ቀን አስፋልቱ መሀል ቆማ አገኘኋት፣ መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እሷ ‹‹ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል›› ትላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ትቻት አላውቅም። ጥርሱን እቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የምሠራው።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን ነርሷ ትቀመጥላታለች። ስድስት ሰዓት ላይ ተረኛ ስለሆነች ከዚያ በፊት መመለስ አለብኝ። የመንገዱ ሲወጣለት ውሃው ላይ የምቆይበት ሰዓት ከሦስት እስከ አምስት ነው። ነፋስ የሌለው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሐይቁ ከስምንት በኋላ ሲነሳ እኔ እማዬን ምሳ እያጎረስኩ በመስኮት ዛፎቹ ሲወዛወዙ አያለሁ። ምን በወጣኝ፣ ከሳምንቱ ያለኝ ይቺ ሁለት ሰዓት ናት፣ ይቺንም ውሃ ላይ ተገትሬ ነው የማሳልፋት። አንድ ጊዜ ልሂድ። ሰሌዳው አንድ ጊዜ ብድግ ይበልልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።

ይህን አስቀድሜ ያልነገርኩህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አሁንም አትጨነቅ። ትበላለች፣ ያልኩህ እውነት ነው።

እህትህ


ጥር 3

እታለሜ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፣ ይቅር በይኝ። ደህና ናችሁ ብዬ ልጠይቅ አልኩና ምን ብለሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ተውኩት።

ልቤ ቁርጥ ብሏል። ‹‹እመጣለሁ›› ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ ፓስፖርቴ የኢሚግሬሽን ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። በየወሩ እሄዳለሁ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ሳታየኝ ‹‹ገና ነው›› ትላለች። ጥዬ ብወጣ ተመልሼ አልገባም። አልወጣም ብል ደግሞ አንቺ ያንን ሁሉ ብቻሽን። ይህን እያሰብኩ ስሰፋ አንድ ሙሉ መስመር አጣምሜ ሰፋሁ። ቡናማው ጫማ መጥቶ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

እኔ የማውቀው ሸራ ነው። እሱን በደንብ አሰብኩልሽ። አስራ አንዱ አይሆንም፤ በሃምሳ ስምንት ኪሎ ከወደቀ አይነሳልሽም። መንጋጋ የሌለው ስምንት ካሬ ያልኩሽም አይሆንም፤ ጥሩ ሸራ ነው፣ ግን ከጠዋቱ ነፋስ በላይ ይጠይቃል። በሌላ ሰዓት ብትወጪ ኖሮ አንድም ሙያተኛ አሁን የምልክልሽን አይመርጥልሽም ነበር፤ ሰዓትሽ ነው የመረጠው። ዘጠኝ ተኩል፣ የውድድር፣ ከነመንጋጋው። ካምናው የሙከራ ሥራ የቀረ ነው፣ አለቃዬን ለመንኩት፣ ሰጠኝ። ምሰሶው ሁለት ቦታ ይፈታል። ጓደኛዬ ጭነት ሲልክ አብሮ ይመጣል። የጭልፊትን ሰሌዳ ተቀበይው።

ስትወጥሪ የታችኛውን ገመድ የሸራው ጫፍ ላልቶ የተበላሸ እስኪመስልሽ ድረስ ሳቢው። ተበላሸ ብለሽ እንዳትለቂው፣ ልኩ እሱ ነው። ተወጥሮ ፀሐይ ላይ እንዳይውል፣ ይሰነጠቃል።

እማዬን ሳሚልኝ። ማን ሳመኝ ካለች ንገሪያት።

ወንድምሽ


የካቲት 24

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ሸራው ደረሰ። እጅህ ይባረክ። ጭልፊት ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው፣ ‹‹ወንድምሽ ነው የሰፋው?›› አለኝ። ግማሹን እሱ ነው አልኩት፣ ልክ ነኝ?

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ በመወጠር አለቀች። ዘበኛው የምሰሶውን እግር ተረከዙ ስር ይዞ እኔ ገመዱን ስስብ፣ ‹‹እትዬ፣ ይሄ ሸራ ነው ወይስ ድልድይ?›› አለኝ። መንጋጋዎቹን ማስገባት አቃተኝ። አስበው፣ የሰው መንጋጋ ልክ ስገጥም የምኖር ሰው። አንዱን ሳስገባ ሌላው ዷ ብሎ ይወጣል። ሲያልቅ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ፈትቼ ሄድኩ። በኋላ ዘበኛው መላ አመጣ፤ እንደተወጠረ ከጀልባ ቤቱ ጣሪያ ስር ሰቀልነው። ፀሐይ አያየውም፣ እኔም አውርጄ ብቻ እገባለሁ።

ግን አልሄደም። ከዳሩ ወጣ እላለሁ፣ ይወድቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ስጎትተው እጄ ይላጣል፣ ሲነሳ እኔ በጀርባዬ እወድቃለሁ። ቆሜ ስይዘውም ዝም ይላል። ከዚያ ሰዓቱ ይደርሳል። ባለፈው ቅዳሜ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ዘበኛው ያላየ መስሎ ጀልባ ይጠርጋል። ምን ላድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው የሸራው?

እማዬ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለቀቃት።

እህትህ


መጋቢት 15

ለእህቴ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጉንፋኑ ስለለቀቃት ፈጣሪ ይመስገን።

ጥፋቱ ያንቺም የሸራውም አይደለም፣ ቦታው ነው። ከዳሩ አትርቂም። ጀልባ ቤቱ ጀርባ ያሉት ዛፎች ነፋሱን ይበሉብሻል። እዚያ ስር ጭልፊትም አይሄድም፤ ተመልከቺው፣ መጀመሪያ እየቀዘፈ ይወጣል። ከቄጠማው አልፈሽ፣ ወፎቹ የሚያርፉበትን ድንጋይ አልፈሽ፣ ውሃው መልኩን የሚቀይርበት ድረስ ውጪ። በሁለቱ ኮረብቶች መካከል የሚወርደው የጠዋት ነፋስ እዚያ ነው ያለው። ልጅ ሆነን እዚያ ድረስ እንዳንሄድ ይከለክሉን ነበር። አሁን ማን ይከለክልሻል? ሂጂ። ሲነሳልሽ ጻፊልኝ፣ አደራ፣ ጉድጓዴ ውስጥ ሆኜ የማስበው እሱን ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ግንቦት 2

ለወንድሜ፣

ሳልጽፍልህ መቆየቴ ከፍቶህ ይሆናል። እኛ በሕይወት አለን። እንዲህ ብዬ የጀመርኩት አውቄ ነው።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ከቄጠማው አለፍኩ፣ ከድንጋዩ አለፍኩ፣ ውሃው ጠቆረ። ነፋሱ እዚያ ነበር። ሸራው እጄ ላይ ሞላ፣ ሰሌዳው ብድግ አለ። ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ፉጨቱን ሰማሁት፣ ከኔ እግር ስር ነው የሚወጣው። ጮህኩ። ማንም አይሰማኝም፣ ጮህኩ። ዳሩን ዞር ብዬ አላየሁም። ሐይቁን አጋምሼ አለፍኩ።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። መብራት እንደሚጠፋ ድርግም አለ። ሸራው ተኛ፣ ውሃ ጠጣ። ጎተትኩት፣ አልተነሳም፣ ደግሞ ጎተትኩት። በእጄ ለመቅዘፍ ሞከርኩ፣ ሸራው እንደ መልህቅ ይይዘኛል። ፀሐይዋ አናቴ ላይ መጣች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ በር በሩን እያየች ነው፣ ይታየኛል፣ እኔ ግን ሐይቁ መሀል ሰሌዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ነፋሱ መጣ፣ ያ የምታውቀው። አሁን ደግሞ ለሸራው በዛ። ሳነሳው ይነጥቀኛል፣ አሽቀንጥሮ ይጥለኛል። ጠዋት አነሰው፣ ከሰዓት በዛበት። ሸራውን ስንመርጥ አንተም እኔም መሄዱን እንጂ መመለሱን አላሰብንም። በመጨረሻ ዓሣ አጥማጆች አይተውኝ ጎትተው አወጡኝ።

ነርሷ እስከምትችለው ጠብቃ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ሄዳለች። ሌላ ምን ታድርግ፣ በሽተኞቿ አሉ። ስከፍት እማዬ በሩ ስር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን ግራና ቀኝ ቀያይራ አድርጋ፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። በሩን ስትመታ ውላ የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። ‹‹ክፈቺልኝ፣ አለቃዬ ይቆጣሉ›› አለችኝ። የት ነበርሽ አላለችኝም። ለካ ከሄድኩ ጀምሮ መኖሬንም አለመኖሬንም አላወቀችም። ጣቶቿን አጠብኩላት፣ አየት አድርጋኝ ‹‹አንቺም ተረኛ ነሽ?›› አለችኝ። አዎ አልኳት።

ነርሷ ደግሜ ከዘገየሁ ዳግመኛ እንደማትቀመጥ ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም።

ወንድሜ፣ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። እዚያ መሀል ስቀመጥ መጀመሪያ ፈራሁ፣ አለቀስኩ፣ እማዬ እያልኩ። በኋላ ግን ዝም አልኩ። ማንም አይጠራኝም፣ ማንም መስመር አገናኚ አይለኝም፣ መሄድም መመለስም አልችልም። እግሬን ውሃ ውስጥ ከትቼ ነፋሱ እንዳይመጣ ለመንኩ። እናቴ በር እየደበደበች፣ እኔ ነፋሱ አይምጣ አልኩ። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ የምፈራው ሐይቁን አይደለም።

ና። ሸራ አትላክልኝ፣ መልስ አትጻፍልኝ። አንተ ና።

እህትህ


ሰኔ 10

ለእህቴ፣

መልስ አትጻፍ ብለሽኛል፣ ግን ሌላ የማደርገው የለኝም።

ደብዳቤሽን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። እናቴ ታማለች አልኳት። ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አዘነችልኝ፣ በእውነት ነው፣ ዓይኗ አዘነ። ከዚያ ‹‹ገና ነው›› አለችኝ። ለመሄድ ነፃ ነህ፣ ለመመለስ ግን ቃል አልገባልህም አለችኝ። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልሂድ አልኩ። ልቅር አልኩ። ሰው ተነስ፣ በር ሊዘጋ ነው እስኪለኝ ተቀምጬ ቀረሁ። ፈሪ ነኝ በይኝ፣ አልከራከርሽም። አልመጣም። መቼ እንደምመጣም አላውቅም።

ሌላ ሸራ ልኬልሻለሁ። ይሄኛውን ከሥራ በኋላ ራሴ ቆርጬ ራሴ ሰፋሁት፣ ሙሉውን። ስድስት ካሬ ነው፣ መንጋጋ የለውም፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ዘበኛም አያስፈልገውም። አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳትጠይቂኝ በፊት። በጠዋት ነፋስ አይሄድም። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አውቀዋለሁ፤ ከቄጠማው አያሳልፍሽም። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። እኔ መምጣት ካልቻልኩ አንቺ መራቅ የለብሽም። ይህን ስጽፍ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ትልቁን ለጭልፊት ስጪው። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 1

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ትንሹ ሸራ ደረሰ። ስፌቱ ያምራል፣ ስትጠነቀቅ ያስታውቃል፣ አንዲት መስመር አልተጣመመችም።

ትልቁን አልሰጥም ብዬ ነበር። ጣሪያው ስር እንደተሰቀለ በየቅዳሜው እየሄድኩ አየው ነበር። ባለፈው ሳምንት እማዬን ሳጎርሳት ዛፎቹ መወዛወዝ ሲጀምሩ እጄ ላይ ያለው ማንኪያ ቆመ። እሷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ደንግጬ አጎረስኳት። ቅዳሜ ሲደርስ ሄጄ ለጭልፊት ሰጠሁት። ዘበኛውና እሱ ተሸክመው ወሰዱት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትንሹን ይዤ ገባሁ። በአንድ እጅ ይነሳል፣ ልክ ነህ። ከቄጠማው ወዲህ ቆሜ ያዝኩት፣ ዝም አለ፣ እኔም እንደቆምኩ ቀረሁ። ጭልፊት ያንን ዘጠኝ ተኩል ካሬ ሸራ ይዞ ከድንጋዩ ወዲያ አለፈ፣ ፉጨቱ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሰዓቴ ሳይደርስ ወጥቼ ጠቀለልኩት። እቤት ስደርስ ነርሷ ‹‹ዛሬ ቶሎ መጣሽ›› አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ይቅር አላልኩህም፣ እንድታውቀው። አንተን ብሆን ግን እኔም ያንኑ ሸራ ነበር የምሰፋልህ። የከፋኝ እሱ ነው።

እህትህ